የቀላል መጽሐፍ ክብደት
ስለ ሳቅ አዘል ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለዶች

በአማርኛ «ቀላል» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ክብደቱ ያነሰ ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው ለመሥራት የማያስቸግር ማለት ነው። በሙያችን ያለ ሰው ሁለቱ ትርጉሞች ብዙ ጊዜ እንደሚጣሉ ከልምድ ያውቃል። ወፍራም ግንብ ለማቆም ድንጋይና ጉልበት ይበቃል። ያንኑ ጭነት ቀጭን ብረት እንዲሸከመው ለማድረግ ግን ስሌት፣ ልኬትና ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዕቃው በቀለለ መጠን ሥራው ይከብዳል።

የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ከሙያችን ወጣ ባለ ጉዳይ ላይ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ይህንኑ ሐሳብ በመጻሕፍት ላይ ልፈትነው ፈለግሁ። የመረጥሁት ቁም ነገር የለበትም ተብሎ የሚናቀውን የመጽሐፍ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ባለፈ ዘመን ላይ የተመሠረተ፣ አንባቢውን የሚያስቅ፣ በመጨረሻም ሁለት ሰዎችን በደስታ የሚያጋባ የፍቅር ልብ ወለድ ነው። በእንግሊዝ አገር ይህን ዓይነት ጽሑፍ አሁን በሚታወቅበት መልኩ ያቆመችው ጆርጄት ሄየር የተባለች ደራሲ ስለ ሆነች፣ ነገራችን በአብዛኛው ስለ እርሷ ይሆናል። ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሲሚንቶ ከረጢት የተለበጠ መጽሐፍ

ከእነዚህ መጻሕፍት ጋር የተዋወቅሁት በመንገድ ሥራ ካምፕ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል፤ ክረምቱ ከብዶ ሥራው ቆሟል፤ ዶዘሮቹ ጭቃ ውስጥ እንደ ተተከሉ ቀርተዋል። ከእኛ በፊት የነበሩ የውጭ አገር ባለሙያዎች ትተውት በሄዱት ካርቶን ውስጥ «የዓርብ ልጅ» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የተሰጠው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘሁ። በልባሱ ላይ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ወይዘሮና ከፍ ያለ ባርኔጣ የደፋ ጎረምሳ ተሥለውበታል። እንዲህ ያለ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ይዞ በሠራተኛ ፊት መታየት ለአንድ ወጣት መሐንዲስ የሚያሳፍር መስሎኝ፣ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ለበጥሁት።

አንድ ማታ በፋኖስ ብርሃን ሳነብ የካምፑ አንጋፋ መሐንዲስ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«ምንድን ነው የምታነበው?» አሉኝ።

«ስለ ኮንክሪት ነው፣ ጋሼ።»

«ኮንክሪት እንዲህ ያስቃል እንዴ?» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

መጽሐፉን በአራተኛው ቀን መለሱልኝ። «ሴትዮዋ የምታውቀውን ነው የጻፈችው፤ ሠረገላው የሚሄድበትን መንገድ እንኳ ታውቀዋለች። ሌላ ካለ አምጣ» አሉ። በሥራ ላይ አንድን ነገር ሳይለኩ የማያምኑ ሰው ስለ ነበሩ፣ ይህች አጭር ፍርድ በአእምሮዬ ቀረች።

ዘመነ እንደራሴ

የእነዚህ ልብ ወለዶች ዋነኛ መድረክ ከ1811 እስከ 1820 ያለው የእንግሊዝ ታሪክ ነው። ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ በአእምሮ ሕመም ምክንያት መንገሥ ስላልቻለ፣ በየካቲት ወር 1811 ልጁ በእርሱ ስም አገር እንዲያስተዳድር ተሾመ። ለዚህ ሹመት አማርኛ «እንደራሴ» የሚል ቃል ስላለው የኢትዮጵያ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገው ይሆናል። በዚያው ጊዜ በእኛም አገር ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር በስም ተቀምጦ፣ ሥልጣኑ በእንደራሴው በራስ ጉግሣ እጅ ነበር። ሁለቱ አገሮች ጨርሶ የማይተዋወቁም አልነበሩም፤ የእንግሊዙ መልእክተኛ ሄንሪ ሶልት በ1810 ትግራይ ገብቶ የራስ ወልደ ሥላሴ እንግዳ ሆኗል።

የእንግሊዙ ዘመነ እንደራሴ በጭፈራ አዳራሹ፣ በልብሱ አቆራረጥና በቁማር ዕዳው ይታወቃል። ነገር ግን ለሙያችን ሰው የበለጠ የሚነግረው አለው። በ1812 ለንደንን በጋዝ መብራት የሚያበራ ኩባንያ ሕጋዊ ፈቃድ አገኘ። በ1815 ሃምፍሪ ዴቪ ለማዕድን ቆፋሪዎች የሚሆን ከፍንዳታ የሚጠብቅ ፋኖስ ሠራ። ማክአዳም በ1816 በብሪስቶል አካባቢ የመንገድ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ፤ በተፈጨ ድንጋይ የመንገድ አሠራሩም ስሙን ይዞ እስከ ዛሬ ቆይቷል። በ1817 ጆን ሬኒ ያቀደው የዋተርሉ ድልድይ ተመረቀ፤ በ1818 የእንግሊዝ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ተቋቋመ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ቶማስ ቴልፎርድ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። የእኛን የመሰሉ የሙያ ማኅበራት ቀዳሚ የተወለደው እነዚያ ጌቶችና ወይዛዝርት ሲጨፍሩ በነበረበት ዘመን ነው።

ታሪካዊ ልብ ወለድም ራሱ በዚሁ ዘመን ጎልቶ ወጣ። ዋልተር ስኮት «ዌቨርሊ»ን ያሳተመው በ1814 ነው። ጄን ኦስተን በበኩሏ የራሷን ጊዜ ሰዎች በረቂቅ ፌዝ እየሣለች ነበር። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ እንደ ባሮነስ ኦርትሲና እንደ ጄፍሪ ፋርኖል ያሉ ጸሐፊዎች ያለፈውን ዘመን የጀብዱና የፍቅር መስክ አደረጉት። ሄየር የስኮትን የታሪክ ፍቅር፣ የኦስተንን ፌዝና የእነዚህን ጸሐፊዎች ጀብዱ በአንድ ላይ አገጣጠመች።

የማዕድን መሐንዲሱ ሚስት

ጆርጄት ሄየር በ1902 በለንደን አጠገብ በዊምብልደን ተወለደች። የመጀመሪያ መጽሐፏ መነሻ ለታመመ ወንድሟ ማጫወቻ ብላ በ17 ዓመቷ የፈጠረችው ተረክ ነበር፤ በ1921 ታተመ። ስለዚህ ይህ የጽሑፍ ዓይነት በእርሷ እጅ ሲጀመር በአንድ ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ተጀመረ ማለት ይቻላል።

በ1925 ሮናልድ ሩዥዬ የተባለ የማዕድን መሐንዲስ አገባች። የመሐንዲስ ሚስት ዕጣ በየአገሩ አንድ ነውና ባሏ ወደ ካውካሰስ፣ ቀጥሎም በዚያን ጊዜ ታንጋኒካ ትባል ወደ ነበረችው ወደ ዛሬዋ ታንዛንያ ተላከ። ሄየር ተከትላው ሄዳ በጫካ መካከል ከዝሆን ሣር በተሠራ ጎጆ ኖረች። በዚያ ጎጆ ውስጥ ሆና በ1745 ዘመን የተመሠረተ ልብ ወለድ ጻፈች፤ ይህም በ1928 የታተመው፣ ወንድምና እኅት ልብስ ተለዋውጠው ለንደንን የሚያታልሉበት መጽሐፍ ነው። ቤተ መጻሕፍት አጠገቧ አልነበረም። መጽሐፉን በኋላ የመረመሩ ሰዎች ያገኙበት የዘመን ስሕተት አንድ ብቻ ነው፤ አንድን የታወቀ የለንደን ክበብ ከተከፈተበት ጊዜ በአንድ ዓመት አስቀድማዋለች። መዝገብ ሳይኖራት ከጫካ ጎጆ የቀየሰች ሰው ይህን ያህል ብቻ ከተሳሳተች፣ ሥራዋን የማይረከብ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ያለ አይመስለኝም።

በ1926 እንግሊዝ በአጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ በታመሰችበት ዓመት ያወጣችው ልብ ወለድ ያለ ማስታወቂያና ያለ ጋዜጣ ሒስ 190,000 ቅጂ ያህል ተሸጠ። ከዚያ በኋላ መጻሕፍቷ እንዲታወቁ ብላ ለጋዜጠኛ ቃል መስጠት አላስፈለጋትም፤ እስከ ሞተችበት እስከ 1974 ድረስም ከሕዝብ ዓይን ርቃ ኖረች። ሩዥዬ የማዕድኑን ሥራ ትቶ ሌላ ሥራ ሞክሮ፣ በመጨረሻም ጠበቃ እስኪሆን ድረስ ባሉት ዓመታት ቤቱን ያቆመው በአብዛኛው የእርሷ ብዕር ነው።

የሳቁ መሠረት

አንጋፋው መሐንዲስ «የምታውቀውን ነው የጻፈችው» ያሉት ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ የተረዳሁት ስለ አሠራሯ ካነበብሁ በኋላ ነው። ስትሞት ከ1,000 በላይ የታሪክ ማመሳከሪያ መጻሕፍት ነበሯት። በማስታወሻ ደብተሮቿ ልብስን፣ ባርኔጣን፣ ሱቆችንና የዕቃ ዋጋን በየዘርፉ መዝግባለች፤ የሻማ ዋጋ እንኳ አልቀረም። የዘመኑን አነጋገር፣ የስድቡንና የቁልምጫውን ቃል ሳይቀር፣ ለብቻ አጠራቅማለች። በ1937 ስለ ዋተርሉ ጦርነት በጻፈችው ልብ ወለድ የዌሊንግተን መስፍን የሚናገረው ሁሉ በእውነት የተናገረው ወይም የጻፈው ነው ብላለች፤ የአጻጻፉን ስልት ለመያዝም በራሱ እጅ የተጻፈ ደብዳቤ ገዝታለች።

ይህ ሁሉ ድካም ለሳቅ ምን ይጠቅማል? የሰዎች ጠባይ የሚያስቀው ወሰን ሲኖረው ነውና፣ የሄየር ቀልድ የሚነሣው ሕጉ በጥብቅ ከታወቀ ኅብረተሰብ ውስጥ ነው። ማን ለማን ቀድሞ እጅ እንደሚነሣ፣ ያላገባች ልጅ በየትኛው ጎዳና ብቻዋን መሄድ እንደማይገባት፣ የቁማር ዕዳ ከልብስ ሰፊው ዕዳ በፊት ለምን እንደሚከፈል አንባቢው በሚገባ ሲያውቅ፣ ትንሿ መተላለፍ ታስቀዋለች። ሕጉ ከተሳሳተ ግን ቀልዱ የሚቆምበት መሠረት ያጣል።

በ1965 የታተመውን «ፍሬደሪካ»ን እንመልከት። ማዕረጉንና ሀብቱን ተንተርሶ ኑሮ የሰለቸው አንድ ጌታ፣ ወላጆቻቸው የሞቱባቸው የሩቅ ዘመዶቹ መጥተው ይጠጉበታል። ከእነርሱ መካከል ፊሊክስ የተባለው የ12 ዓመት ልጅ የእንፋሎት ሞተር ፍቅር ያበደ ነው። ጌትዮውን ለምኖና ነዝንዞ ወደ ብረት ማቅለጫ ይወስደዋል፤ ኋላም በባሉን ተንጠልጥሎ ከሃይድ ፓርክ ወደ ሰማይ ይወጣል። ትልቁ ወንድሙ ደግሞ ያኔ አዲስ በወጣው ፔዳል በሌለው ብስክሌት ይወድቃል። መሣሪያዎቹ የዘመኑ ናቸው፤ ሳቁም የሚመጣው ቅንጦት የለመደ ጌታ በሕፃን ጥያቄ ተይዞ ጥቀርሻ ውስጥ ሲቆም ነው። ፍቅሩ የሚበቅለውም ከዚሁ ነው፤ ሰውየው ለሌላ ሰው ሲል መቸገርን እየተማረ ሳለ ፍሬደሪካን እንደ ወደደ ዘግይቶ ያውቃል።

የሄየር ልብ ወለድ ሌላው ምሰሶ ለአንባቢ የሚገባው ቃል ነው። አንባቢው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ነገሩ በመልካም እንደሚያልቅ ያውቃል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ ግን ከውል ጋር አመሳስለዋለሁ። ድልድይ የሚሻገር መንገደኛ ድልድዩ እንደማይወድቅ ስለሚያምን ወንዙን ቆሞ ለማየት ይችላል። መጨረሻውን ያመነ አንባቢም ልቡ ሳይንቀጠቀጥ የሰዎችን ሞኝነት፣ ኩራትና ደግነት ለማስተዋል ጊዜ ያገኛል።

ያልተሸከመችው ጭነት

የማንኛውም ሕንፃ ምዘና የሚሸከመውን ብቻ ሳይሆን የማይሸከመውንም መናገር አለበት። በ1812 የእንግሊዝ ምክር ቤት የሽመና መሣሪያ የሰበረ ሠራተኛ በሞት እንዲቀጣ ሕግ አወጣ። ነሐሴ 16 ቀን 1819 በማንቸስተር ከተማ ለምርጫ መብት በተሰበሰበ ወደ 60,000 የሚገመት ሕዝብ ላይ ፈረሰኛ ጦር ዘምቶበት ከዐሥራ አምስት የማያንስ ሰው ሞተ። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ባርነትን የሚሽረው ሕግ እስከ 1833 ድረስ አልወጣም፤ በእነዚያ አዳራሾች ሻይ የጣፈጠበት ስኳር ባሮች የደከሙበት ነበር። ከዚህ ሁሉ በሄየር ገጾች ላይ የሚታየው እጅግ ጥቂት ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። በ1950 በወጣው «ታላቋ ሶፊ» ውስጥ አንድ አይሁዳዊ አራጣ አበዳሪ በአሮጌ ጥላቻ ቀለም ተሥሏል፤ ያውም በአውሮፓ ስድስት ሚሊዮን አይሁድ ካለቁ ከጥቂት ዓመታት በኋላ። ያው መጽሐፍ ሲጨርስ ተቀጣጣሪዎቹን ሁሉ በአንድ የገጠር ቤት አጉሮ፣ ከዳክዬ ጫጩቶች ጋር አደባልቆ አንባቢውን በሳቅ የሚያፈርስ ነው። ሁለቱንም ማየት ያስፈልጋል። ደራሲዋ የሻማን ዋጋ ስትመረምር ያሳየችውን ጥንቃቄ ሰውን ስትሥል ሁልጊዜ አላሳየችም።

በሌላ በኩል ስትፈልግ ከባዱን ጭነት መሸከም እንደምትችል በ1961 በታተመው «የስምምነት ጋብቻ» ልንለው በምንችለው መጽሐፍ አሳይታለች። ከጦር ሜዳ የተመለሰ አንድ መኮንን የአባቱን ዕዳ ለመክፈል የሚወዳትን ትቶ የሀብታም ነጋዴ ልጅ ያገባል። ታላቅ ፍቅር አይወርድም፤ በሙግትና በሳቅ፣ በእርሻና በወጥ ቤት መካከል፣ ሁለት ሰዎች ቀስ በቀስ መተማመንን ይገነባሉ። ከዋተርሉ በፊት ለንደን በሽንፈት ወሬ ተሸብሮ የመንግሥት ሰነድ ሲሸጥ፣ እርሱ የቀድሞ አዛዡን አምኖ ይገዛል። እዚህ ላይ ሳቁ ሐዘንን አይሸሽም፤ አብሮት ይኖራል።

በአማርኛ ሲተረክ

በአገራችን ይህ የጽሑፍ ዓይነት እንግዳ ቢመስልም ዘመድ አለው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 በሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በተለምዶ «ጦቢያ» የምንለው፣ ለመላው የጽሑፍ ዘርፍ ስም የሰጠ መጽሐፍ ነው። በእርሱም ውስጥ ጦርነት አለ፤ የወንድ ልብስ ለብሳ የምትጓዝ ቆንጆ ልጅ አለች፤ በመጨረሻም ሠርግ አለ። ሄየር ያን ጊዜ ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች። በኋላ ግን የታላላቅ ድርሰቶቻችን ፍቅር ወደ ሐዘን አዘነበለ፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» መድረሻውን በርእሱ ይናገራል። ሆኖም እርሱም ቢሆን ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ሲተርክ የሚያስቀውን ያህል የሚያስቅ መጽሐፍ ጥቂት ነው። ሳቅና ፍቅር በአማርኛ ተገናኝተው አያውቁም ማለት አይቻልም።

ይህን ይበልጥ የተረዳሁት ባልጠበቅሁት ቦታ ነው። ከካምፑ ዘመን ከዓመታት በኋላ እኒያው አንጋፋ መሐንዲስ በጠና ታመሙ። ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ ዓይናቸው ደክሞ ማንበብ አልቻሉም ነበር። «ያ የኮንክሪት መጽሐፍ አለህ?» አሉኝ። በማግሥቱ ይዤው ሄድሁና አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ በአማርኛ እተርክላቸው ጀመር።

ታሪኩ ይህ ነው። ሼሪ የተባለ ወጣት ጌታ፣ ካላገባ በቀር ዕድሜው እስኪደርስ ድረስ በውርሱ ማዘዝ አይችልም። የጠየቃት ቆንጆ እምቢ ስትለው በንዴት መጀመሪያ ያገኘኋትን ሴት አገባለሁ ብሎ ይምላል። የሚያገኘውም ሂሮ የተባለች፣ በዘመድ ቤት የምትንገላታ ድኻ የልጅነት ወዳጁን ነው። ልጅቱ የባሏን ሥራና ቃል እንደ ጥሩ ምሳሌ ቆጥራ በየዋህነት ስትከተል ከአንዱ ቅሌት ወደ ሌላው ትገባለች። እርሱም እርሷን ሲያርም ራሱን ለማረም ይገደዳል። ፈርዲ የተባለው ጓደኛው ደግሞ ስሟን የዘነጋት የግሪኮች የበቀል አምላክ ከኋላው የሚከተል አንድ ሰውዬ ትመስለውና እየተገላመጠ ይሄዳል።

ስተርክ አንድ ችግር ገጠመኝ። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ «ዩ» ነው ያለው። ሂሮ ባሏን «አንተ» ትበለው ወይስ «እርስዎ»? መጀመሪያ «እርስዎ» አስባልኋት። በሽተኛው እጃቸውን አነሡ።

«አብረው አድገው የለም እንዴ? ‹አንተ› ትበለው እንጂ። ሲኳረፉ ነው ‹እርስዎ› የምትለው።»

እንዳሉት አደረግሁ። ሂሮ ከቤቱ ወጥታ በባዝ ከተማ ከአንዲት አሮጊት ወይዘሮ ዘንድ በተሸሸገች ጊዜ፣ ባሏ አግኝቷት በአክብሮት «እርስዎ» ስትለው፣ ነገሩ ከእንግሊዝኛው ይልቅ በአማርኛው ልብ ነካ። አንጋፋው መሐንዲስ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ቀጥሎም ዝም ብለው ጣሪያውን ተመለከቱ። መጨረሻውን ያውቁታል፤ ከዐሥር ዓመት በፊት አንብበውታል። ቢሆንም ታሪኩን ሳልጨርስ እንዳልሄድ ለመኑኝ። እኔም ጨረስሁላቸው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዐረፉ።

ይኸው መጽሐፍ በ1944፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ የታተመ ነው። ሄየር ከአንባቢዎቿ ከደረሷት ደብዳቤዎች አስቀርታ የያዘችው አንዱን ብቻ እንደ ሆነ የሕይወት ታሪኳ ይናገራል። ጸሐፊዋ በሮማንያ በፖለቲካ ምክንያት ታስራ የነበረች ሴት ናት። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የ«የዓርብ ልጅ»ን ታሪክ ደጋግማ በቃሏ በመተረክ የእስር ጓደኞቿ አእምሯቸው እንዳይናወጥ እንደ ረዳች ጽፋላታለች። በዚያ ክፍል ውስጥ መጽሐፍ አልነበረም፤ ወረቀትም አልነበረም። አንድን ታሪክ ገጹን ሳይዙ ዐሥራ ሁለት ዓመት ለመሸከም መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ ጠንካራ መሆን አለባቸው። የትኛው ነገር ከየትኛው እንደሚከተል በግልጽ የተበጀ፣ ሳቁም በተደጋገመ ቁጥር የማያልቅ መሆን ይኖርበታል። መጨረሻው መልካም መሆኑም፣ የራሳቸውን መጨረሻ ለማያውቁ እስረኞች፣ ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበረው መገመት አያዳግትም።

ሄየር ከሞተች ወዲህ የእርሷን ፈለግ የተከተሉ ጸሐፊዎች እጅግ በዝተዋል። ጁሊያ ክዊን ከ2000 ጀምሮ ያሳተመቻቸው ልብ ወለዶች በታኅሣሥ 2020፣ ዓለም በወረርሽኝ ቤቱን ዘግቶ በተቀመጠበት ወቅት፣ «ብሪጀርተን» በሚል ስም በተከታታይ ፊልም ሲቀርቡ ብዙ ሚሊዮን ሰው ተመልክቷቸዋል። የአድማው ዓመት፣ ጦርነቱ፣ እስር ቤቱና ወረርሽኙ በአንድ ረድፍ ሲታዩ፣ ሰው ይህን ንባብ አጥብቆ የሚሻው ነገር በከበደው ጊዜ እንደ ሆነ ያስገነዝባሉ። ሲመለስም ችግሩ እንዳለ ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን ሰዎች ሞኝነታቸውን አርመው እርስ በርስ ሊተሳሰቡ እንደሚችሉ ጥቂት ሰዓት አይቶ ተመልሷል።

መጽሐፉ ዛሬ ከሙያ መጻሕፍቶቼ ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ አለ። የሲሚንቶ ከረጢቱን ልባስ አንድ ጊዜ ልቀድደው አስቤ ነበር፤ ተውሁት። ማፈሬን ለመሸሸግ የለበጥሁት ነው። አሁን ግን ያንን አንጋፋ መሐንዲስ ያስታውሰኛል።